ለደግነት እምነት ምን ይጨምርለታል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2፣ ሰኞ ዕለት። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ይደራረባሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዋ ከግማሽ በላዩ ሙስሊም፣ አርባ በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ለነበረባት ደሴ ይህ መደራረብ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ በአንድ ሰሞን ትጾማለች፤ በአንድ ሰሞንም እጇን ትዘረጋለች። በየመስጊዱ ዙሪያ ለማፍጠሪያ ቴምርና ሾርባ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ንፍሮና ዳቦ ይታደላል።

አንድ የቆየ ክርክር በየስልኩ የሚመላለሰውም በዚሁ ሰሞን ነው። አንዱ ወገን «ሃይማኖት ባይኖር ይህን ሁሉ ማን ያደርገው ነበር?» ይላል። ሌላው «ሰው ለመርዳት ሰው መሆን ይበቃል፤ ጀነት ወይም መንግሥተ ሰማያት ለመግባት ብሎ የሚሰጥማ ነጋዴ እንጂ ደግ አይባልም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አንደኛው ስለ ተቋም፣ ሌላኛው ስለ ሕሊና ነው የሚያወራው።

ክርክሩ ለምን አሁን ከበደ

ለረጅም ጊዜ ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ነበር። ክብደት የሰጠው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ ዕርዳታውን አገደ። ዩኤስኤአይዲ የተባለው የተራድኦ ድርጅቱም ሰኔ 24 ቀን 2017 በይፋ ተዘጋ። ጦርነት፣ ድርቅና መፈናቀል በተፈራረቁበት የወሎ ምድር የዕርዳታ ስንዴ መቀነሱ የሩቅ አገር ዜና ሆኖ አይቀርም። «ክፍተቱን የእምነት ተቋማት ይሙሉት» የሚለው ሐሳብ የተደጋገመው ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡ ሁለት ግምቶችን በውስጡ ይዟል፦ የእምነት ተቋማት ሌላው የማይችለውን ይችላሉ የሚልና ከሌላው ተነጥለው በራሳቸው የቆሙ ናቸው የሚል።

ሁለተኛው ግምት ገና ከመነሻው ይናጋል። በኢትዮጵያ ትልቁን የአሜሪካ የምግብ ዕርዳታ መርሐ ግብር በግንባር ቀደምትነት ሲመራ የቆየው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድርጅት የሆነው ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ ነው። እህሉን ግን የገዛው አማኙም ኢአማኙም በእኩል የሚከፍለው የአሜሪካ ግብር ነበር። አዳዩ እጅ የሃይማኖት፣ ጎተራው የመንግሥት ማለት ነው። ጎተራው ሲጎድል እጁም ያጥራል። ስለዚህ «ሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት» እና «ሴኩላር በጎ አድራጎት» ብሎ በሁለት ክምር መለየት ከሚመስለው ይከብዳል። (ሴኩላር ማለት ከሃይማኖት ትእዛዝም ሆነ ተቋም ጋር ያልተያያዘ፣ ዓለማዊ ማለት ነው። ፀረ ሃይማኖት ማለት አይደለም፤ በእኛ ንግግር ውስጥ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።)

የሂችንስ ፈተና

ክርክሩ በዓለም ደረጃ የታወቀበትን መልክ የሰጠው በ2011 እ.ኤ.አ. ያረፈው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ሂችንስ ነው። በየመድረኩ አንድ ጥያቄ ይወረውር ነበር፦ አማኝ ብቻ ሊሠራው የሚችል፣ ኢአማኝ ግን ፈጽሞ ሊሠራው የማይችል አንድ በጎ ሥራ ጥቀሱልኝ። አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም ሲል ኖሯል። ጸሎት፣ ስግደትና ንስሐ ቢጠሩም ለአማኙ እንጂ ለጎረቤቱ በጎ አይደሉም ማለት ይቻላል።

ፈተናው ብልህ ነው። ግን ያሸነፈው በአጠያየቁ ነው። አንድን ድርጊት ለብቻው ነጥሎ ካወጡት ማንም ሊያደርገው ይችላል። የተራበን ማብላት፣ የታመመን መጠየቅ፣ የወደቀን ማንሳት የትኛውንም የእምነት መታወቂያ አይጠይቅም። ዛሬ ለአንድ ሰው የተቆረሰ እንጀራ ሃይማኖት የለውም። ለሠላሳ ዓመት በየሳምንቱ፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ ደመወዝ ለማይታወቁ ሰዎች የሚቆረስ እንጀራ ሲሆን ግን ጥያቄው ይለወጣል። ማን ሊያደርገው ይችላል የሚለው ቀርቶ ምን ያስቀጥለዋል የሚለው ይመጣል።

በጎን ከክፉ ለመለየት እምነት የግድ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር ደግሞ ራሳቸው ሃይማኖቶቹ በአብዛኛው የተዉት ነው። ሶቅራጥስ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ያነሳው ጥያቄ፣ ማለትም በጎ ነገር በጎ የሆነው አምላክ ስለወደደው ነው ወይስ በጎ ስለሆነ ነው አምላክ የወደደው የሚለው፣ በእስልምና የሥነ መለኮት ታሪክም ሙዕተዚላና አሽዓሪያ የተባሉትን ሁለት የአስተምህሮ ወገኖች ለያይቷል። ሙዕተዚላዎች አእምሮ ብቻውን መልካምን ከመጥፎ መለየት ይችላል አሉ፤ አሽዓሪዎች ደግሞ ግዴታ የሚመጣው ከትእዛዝ ነው አሉ። ያም ሆኖ ሰው ሁሉ ወደ በጎ ያዘነበለ ተፈጥሮ ይዞ ይወለዳል የሚለው የፊጥራ ትምህርት የሁሉም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርትም ከኦሪት በፊት «ሕገ ልቡና» ነበረ፤ ያልተጻፈ፣ በልብ የተቀመጠ ሕግ። በሁለቱም ዘንድ እንግዲህ ያላመነ ሰው በጎን ማወቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ሃይማኖተኛው ወገን በማኅበራዊ ሚዲያ «ያለ እምነት ደግ መሆን አይቻልም» ብሎ ሲከራከር የራሱን መምህራን አልፎ ሄዷል።

ጥናቶች ያገኙት

ሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ የሰጡት መልስ ለሁለቱም ወገን የማይመች ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፕሪንስተን ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ ሲያቃስት ያገኛሉ። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። የረዱና ያልረዱትን የለየው ግን የንግግራቸው ርዕስም የሃይማኖተኛነታቸው ዓይነትም ሳይሆን ችኮላ ሆኖ ተገኘ። ጊዜ ከነበራቸው መካከል 63 በመቶ፣ መጠነኛ ችኮላ ከነበራቸው 45 በመቶ፣ እጅግ ከተቻኮሉት ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ቆመው ረዱ። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ የሚሮጠው ሰው በወደቀው ላይ ተረማምዶ አለፈ ማለት ነው።

በሌላ በኩል በሞሮኮዋ ማራካሽ ገበያ የተደረገ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የመስክ ሙከራ አለ። ሱቅ ጠባቂዎች ለራሳቸው ገንዘብ ከመውሰድና ለበጎ አድራጎት ከመስጠት እንዲመርጡ ተደረገ። አዛን እየተሰማ ሳለ የተጠየቁት በሌላ ሰዓት ከተጠየቁት ይልቅ ለምጽዋት አደሉ። የሱቁ ባለቤት ያው ነው፤ እምነቱም ያው። የተለየው ማስታወሻው ነው። ከዚህ ቀደም በ2007 እ.ኤ.አ. በካናዳ የአምላክን ሐሳብ በረቀቀ መንገድ ያስታወሱ ሰዎች ለማያውቁት ሰው ከእጥፍ በላይ እንዳካፈሉ የሚያሳይ ሙከራ ታትሞ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልጸናም። ተቃራኒውም ደርሷል፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የሃይማኖተኛ ቤተሰብ ልጆች ለሌላው የሚያካፍሉት ያነሰ ነው የሚል ጥናት በመላው ዓለም ተራገበ፤ የአገሮቹ መረጃ አሠራር ላይ ስሕተት ተገኝቶበት በ2019 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። እነዚህን እየመዘዙ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚሉ ሁሉ ቀኑን ቢያዩ መልካም ነው።

ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካውያኑ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን የሮበርት ፑትናምና የዴቪድ ካምቤል ግኝት ነው። በአሜሪካ አዘውትረው ወደ ቤተ እምነት የሚሄዱ ሰዎች ከማይሄዱት ይልቅ ይሰጣሉ፣ በፈቃደኝነትም ያገለግላሉ፤ ለሃይማኖታዊ ላልሆነ ጉዳይ ጭምር። ይህን የሚያመጣው ግን የሚያምኑት ነገር ይዘት ሆኖ አልተገኘም፤ በዚያ ያፈሯቸው ወዳጆች ናቸው። አጥብቆ አምኖ ብቻውን መጥቶ ብቻውን የሚመለስ ሰው ከሌላው አይለይም። ዓለማዊው ወገን ይህን ይዞ «እንግዲያው ክበብ ቢመሠረትም ይበቃል» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ባህል አጥኚው (አንትሮፖሎጂስቱ) ሪቻርድ ሶሲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ አብረው ለመኖር የተመሠረቱ 83 ማኅበራትን መርምሮ ያገኘው ነገር ይመጣል፦ ሃይማኖታዊዎቹ ከዓለማዊዎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበራቸው። ከአባላቸው ብዙ የጠየቁት፣ ማለትም ጾም፣ የአለባበስ ደንብና ክልከላ ያበዙት፣ ይበልጥ ጸኑ። በዓለማዊዎቹ ማኅበራት ግን ደንብ ማጥበቅ ዕድሜ አልጨመረም። ክበብ መመሥረቱ ቀላል ነው፤ አባሉን «ለምን?» ሳይባሉ ማስጾም ነው የሚከብደው።

የስካንዲኔቪያ አገሮችስ? በዚያ የሃይማኖት ልማድ የላላ ነው፤ ድሃው ግን አይወድቅም፣ ሰውም እርስ በርሱ ይተማመናል። ይህ ማኅበረሰብ ያለ ጠንካራ እምነት ደግ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የሚያሳየው ግን ሙሉ ግብር የሚሰበስብና የሚያከፋፍል መንግሥት ባለበት ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ በሌለበት፣ ለምሳሌ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ፣ ንጽጽሩ ብዙ አይራመድም።

መስፈሪያና ቀጠሮ

በዚህ ጸሐፊ ግምት እምነት ለበጎ ሥራ የሚጨምረው ትልቁ ነገር ስሜት አይደለም፤ መስፈሪያና ቀጠሮ ነው። ርኅራኄ ሁሉም ሰው ጋ አለ፤ ሲነሳ ይነሳል፣ ሲበርድ ይበርዳል።

ዘካን እንመልከት። ከተወሰነ መጠን በላይ፣ ማለትም ኒሷብ ከሚባለው ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ገደማ በላይ፣ ሀብት ያለው ሙስሊም አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው ከአርባ አንድ እጅ ያወጣል፤ 2.5 በመቶ። በዝናብ ከበቀለ እህል ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ከለማ ከሃያ አንድ። ተቀባዮቹ በስም የተዘረዘሩ ስምንት ወገኖች ናቸው፤ ድሃ፣ ባለ ዕዳና መንገደኛ ይገኙበታል። የረመዳን ማብቂያ ላይ ደግሞ ዘካተል ፊጥር አለ፤ ስለ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚገመት እህል። ይህ ሁሉ ዝርዝር ስለ ርኅራኄ አንድ ቃል አይናገርም። የደረሰህ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ብቻ ይነግርሃል። ደስ ያለው ነጋዴም የከፋው ነጋዴም እኩል ይቆጥራል።

ሁለተኛው ነገር የተቀባዩ ቦታ ነው። ቁርኣን በባለጠጋው ሀብት ውስጥ የለማኝና የተነፈገ «ሐቅ» አለ ይላል። ሐቅ ከሆነ ተቀባዩ ባለ ውለታ አይሆንም፤ የራሱን ነው የተቀበለው። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተራበውን ያበላ ክርስቶስን እንዳበላ ተቆጥሯል፤ ውለታው እዚያም ከተቀባዩ ትከሻ ይወርዳል። «የኔ ቢጤ» «ስለ ማርያም» ወይም «ስለ አላህ» ብሎ ሲለምን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሰጪና በተቀባይ መካከል ሦስተኛ ወገን ያቆማል፤ ሁለቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ከመተፋፈር ይድናሉ። ዓለማዊው አስተሳሰብ ለዚህ ያለው አቻ የመብት ቋንቋ ነው። የመብት ቋንቋ ግን የሚያስፈጽመው መንግሥት ይፈልጋል።

«ለጽድቅ ብሎ የሚሰጥ ነጋዴ ነው» የሚለው ነቀፋ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ሃይማኖቶቹም ያውቁታል፦ በእስልምና ለሰው ይምሰል መስጠት «ሪያእ» ተብሎ ይወገዛል፣ በክርስትና «ውዳሴ ከንቱ» ይባላል። ቀኝ የሚሰጠውን ግራ አትወቅ ከተባለ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬ ግን የዘይት ጄሪካን የታቀፉ እናት ፊታቸው ሳይሸፈን ለሰጪው ገጽ ይነሳሉ፣ ከሥርም «አላህ ይቀበልህ»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይጻፋል። ይህን የሚያደርገው አማኙ ብቻ አይደለም። አማኙን የሚለየው የራሱ ሕግ የሚከሰው መሆኑ ነው።

ሌላው ነቀፋ ይበልጥ ከባድ ነው፤ መስፈሪያ ያለው ሁሉ አጥር አለው። በአብዛኞቹ የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ግዴታ የሆነው ዘካ በመሠረቱ ለሙስሊም ድሃ ነው፤ ለሌላው በነፃ ፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃ ነው። የክርስቲያኑ አሥራት ደግሞ በቅድሚያ የሚሄደው ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎትና ለአገልጋዮቹ ነው። «ክፍተቱን የእምነት ተቋማት ይሙሉት» ለሚል ሰው ይህ ዋና ጥያቄ መሆን አለበት፦ የትኛው ገንዘብ ለማን?

ደግሞም ተቋማቱ የቀድሞ አቅማቸው የላቸውም። በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅና በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬትና ወቅፍ የሆነ መሬትና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዙረዋል። ወቅፍ ማለት ገቢው ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ እንዲውል የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ንብረት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው በአብዛኛው ከዛሬ ኪስ የወጣ የዛሬ ገንዘብ ነው፤ ምእመኑ ሲደኸይ አብሮ የሚደኸይ።

ቅሬ የማን ነው?

ወሎ ለዚህ ክርክር የሚያዋጣው ከመጻሕፍት የማይገኝ ነገር ነው፤ ቅሬ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የሚመስል የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር ሆኖ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ ይይዛል። ሰው ሲሞት ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቅሶ ደራሽ ያበላል። የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የቅሬ ግዴታ ከየትኛው መጽሐፍ መጣ? ከየትኛውም። ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ጀናዛ እንዲሸኝ፣ ሙስሊሙም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድረስ ሬሳ እንዲያጅብ የሚያስገድደው ጉርብትና ነው። እዚህ ድረስ ዓለማዊው ወገን ያሸንፋል። ግን ቅሬው ሲሰበሰብ በዱዓና በምርቃት ይከፈታል፤ አስከሬኑ የሚገነዘው፣ የሚቀበርበት ቦታና ሰዓት፣ ሶላቱና ፍትሐቱ በየሃይማኖቱ ነው። ድግሱም እንዲሁ፤ ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ለይቶ ራሳቸው እንዲያርዱ ይሰጣል፣ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። አጥሩ አልፈረሰም፤ በር ተበጅቶለታል። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት ግብር ቤት «አይጠየፍ» መባሉ ይታወቃል። ስሙን ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ አለመጠየፍ ግን በተግባር የሚጠይቀው ሁለት በሬና ሁለት ምጣድ መሆኑ ብዙ አይነገርም።

እምነት ብቻውን የሚጨምረው ነገር አለ ከተባለ በዚህ አገር ጎልቶ የሚታየው በአበጋሮች ሥራ ነው። አበጋር ደም የተቃባ ወገንን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ገዳይ በፍርድ ቤት ተፈርዶበት እንኳ የሟች ወገን በቀሉን ላይተው ይችላል፤ «ደም ማድረቅ» የሚባለው እርቅ ግን በዱዓና በመሐላ ይታሰራል። መሐላውን ያፈረሰ ሰው የሚፈራው ፖሊስ የማያየውን ነው። ፍርድ ቤት ያለፈውን ይቀጣል፤ በጫካ መንገድ ላይ ብቻውን የቆመውን፣ ጠመንጃ የያዘውን ወንድም ነገ የሚያስቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን አይታይም ብሎ መናቅ ይቻላል፤ በምን እንደሚተካ ማሳየቱ ግን ከባድ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ታሪክ

ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ የክርክሩን ሁለት ፊት አንድ ላይ ይዟል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆኑ። አልጠመቅም ያለው ግን ተሰደደ፣ ተዋጋ፣ ሞተ። ያዘዙት ሰዎች ክፉ እየሠራን ነው ብለው አላሰቡም። ነፍስ እናድናለን ነበር ያሉት። ሥጋን ከረሃብ የሚያድን ጽናት ከየት እንደመጣ ስንጠይቅ፣ ይህም ጽናት ከዚያው ምንጭ መቅዳቱን መዝለል አይቻልም።

በዚያው ቦሩ ሜዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ በውጭ ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕክምና ተጀመረ። ሥጋ ደዌ ዘር ነው፣ እርግማን ነው እየተባለ ሕሙማኑ ከመንደር ይባረሩ ነበር። ለእርግማን የሚቀርበው ማብራሪያ ሃይማኖታዊ መሆኑን ልብ ይሏል። ቁስላቸውን ለማጠብ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡትም በሃይማኖት ምክንያት የመጡ ናቸው። በሽታውን ያዳነው ግን ከቤተ ሙከራ የወጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. እንዲሰጥ ያሳሰበው የተጣመረ መድኃኒት ሕሙማንን በወራት ውስጥ ከበሽታው ያላቅቃል። አንዱ ማንም ባልቀረበበት ሰዓት አልጋው አጠገብ ቆመ፤ ሌላው በአልጋው ላይ የሚተኛው ሰው እንዲቀንስ አደረገ። ከሁለቱ የትኛው «በጎ ሥራ» ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ጥያቄውን ያበላሸዋል።

የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ሥዩመ እግዚአብሔር የሚባሉት ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ወሎ ድረስ መጥተው ፎቶግራፍ አንስተው በአዲስ አበባ ያጋለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ጉዳዩን ያራገበው የተማሪዎች ንቅናቄም ከሃይማኖት ይልቅ ወደ ማርክሲዝም ያደላ ነበር። በሌላ በኩል ሲአርዲኤ በሚል ምኅጻር የታወቀው የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበር የተወለደው ከዚያው ረሃብ ነው፤ እህሉን ለማዳረስ የተሰባሰቡት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የፈጠነው አንዱ፣ ምግቡን ይዞ የቆየው ሌላው።

ከመዝገብ ውጭ ያለ ሰው

በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የከተማው ሰው ከየቤቱ እንጀራና ልብስ አወጣ። በጥቅምት 2014 ማገባደጃ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ተያዙ፤ ያበላ የነበረው ሰው በተራው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ሲለቀቁ ብዙው ነገር ተዘርፎ ነበር። በእነዚያ ወራት መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅሬ፣ የወጣቶች ስብስብና ዲያስፖራ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ሠርቷል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሁሉም ይሰጣል። የእምነት ተቋም ድርሻ የሚለየው ካሜራው ከሄደ በኋላ ባለው ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ምክንያቱም ሁዳዴና ረመዳን በጀት ተለቀቀም አልተለቀቀም ይመጣሉ።

የሚቀረው ችግር የመዝገብ ነው። ዕድርና የሃይማኖት ተቋም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከማይመለከታቸው ወገኖች ናቸው፤ የሚተዳደሩት በራሳቸው ደንብ ነው። ይህ ነፃነት ሰጥቷቸዋል። የሚረዱት ግን የሚያውቁትን ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከገጠር ወጣት ሴቶችን ይዞ መጣ። ቤት ተከራይተው በሦስትና በአራት ሆነው ይኖራሉ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣና ጦርነቱ ሲጨመርበት፣ እንዲህ ያለች ሠራተኛ መጀመሪያ የምትጎዳ ሆነች። ክርስቲያን ከሆነች የሰበካ ጉባኤ መዝገቧ ያለው በትውልድ ቀበሌዋ ነው። የወላጆቿ ቅሬ እዚያው ነው። ሙስሊም ከሆነችም የመስጊዱ ኮሚቴ የሰፈሩን ድሆች ሲጽፍ እሷ ተከራይ ናት፤ በሚቀጥለው ወር የት እንደምትሆን አይታወቅም።

ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ «ኢብኑ ሰቢል» ነው፤ መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ። በክርስትናም እንግዳን መቀበል ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነው። ሁለቱም ቃላት የተጻፉት አገሩን ለቆ ባሕር ማዶ ወይም በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ይመስሉ ነበር። ከቦርከና ወንዝ ማዶ በኪራይ ክፍል ያለችው የፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ ስም ትጠራ እንደሆነ መወሰን የመስጊድ ኮሚቴው፣ የሰበካ ጉባኤውና የቅሬው ፈንታ ነው፤ አንዳንዱ ቅሬ ተከራይን በአነስተኛ መዋጮ መመዝገብ ቢጀምር ለዚህ የትኛውም ሕግ አይከለክለውም።